ምዕራፍ ሰባት፦ የምርቃናው ጥሬ ዕቃ

ጅቡቲ ከተማ ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይጠብቃል። ማልዶ የተጀመረው የመሥሪያ ቤት ሥራ ሙቀቱ ሳይበረታ አብቅቷል፤ ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገዋል። የሚጠበቀው የኢትዮጵያ ጫት ነው። በሐረርጌ ደጋ ተቀጥፎ፣ አወዳይ ላይ ታስሮ፣ በድሬዳዋና በደወሌ አልፎ የሚመጣው ጭነት በመኪና ጡሩንባ ታጅቦ ሲገባ ሴቶቹ ነጋዴዎች በየመንገዱ ጥግ ባቆሙት ጠረጴዛ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ያሰልፉታል። ብዙም ሳይቆይ ወንዶቹ እስራቸውን ይዘው ጅቡቲዎች መብረዝ ወደሚሉት የመቃሚያ ክፍል ይገባሉ። በከተማው ዳርቻ፣ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማረፊያ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባና ከሞጆ የወረዱ ሹፌሮቻችንም በተሳቢው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ያንኑ ቅጠል ይቀነጥሳሉ። ወረፋቸው ደርሶ ከወደብ ሲጭኑ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ይገባሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያለ ጫት ያ መንገድ አይገፋም ብለው ያምናሉ።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ታይሮሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ጫቱን ያስቀደምኩት ግን በምክንያት ነው። ቃሚው ምርቃና የሚለው መነቃቃት የሚመጣው ሰውነት ከታይሮሲን ሠርቶ ካስቀመጠው ንጥረ ነገር ነው። ድብርት ለማባረር፣ እንቅልፍ ለማሸነፍ፣ ትኩረት ለመጨመር እየተባለ በ500 ሚሊ ግራም እንክብል በጠርሙስ የሚሸጠውም ይኸው ታይሮሲን ነው። ስለዚህ ለአንድ ሹፌር ወይም ለአንድ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ጥሬ ዕቃውን በእንክብል ብጨምር ንቃቱ አይጨምርም ወይ? መልሱን ለማግኘት የሰውነትን የውስጥ አሠራር ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል። ነገሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የብዙ ሰው ገንዘብና አንዳንዴም ሕይወት የሚጠፋው ይህን ሳያውቅ ነው።

ታይሮሲንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1846፣ ከወተት ፕሮቲን። ለረጅም ጊዜ በተቀመጠ ጠንካራ ዓይብ ውስጥ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚሉት ነጫጭ ቅንጣቶች በአብዛኛው የታይሮሲን ክሪስታሎች ናቸው። ፕሮቲኖች ከሚገነቡባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ስለሆነ ፕሮቲን ባለበት ምግብ ሁሉ ይገኛል። አንድ እንቁላል ውስጥ ሩብ ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት ውስጥ ግማሽ ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የዶሮ ፍርምባ ውስጥ አንድ ግራም ገደማ አለ።

ምግቡ ቢያንስ እንኳ ሰውነት ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጉበታችን ፌኒልአላኒን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ወደ ታይሮሲን ይለውጣል። ለዚህ ነው ታይሮሲን ‘የግድ ከምግብ መገኘት አለባቸው’ ከሚባሉት ውስጥ የማይቆጠረው። ጉበት ይህን ለውጥ ማካሄድ ሳይችል የሚወለድ ሕፃን ግን አለ። የኖርዌዩ ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወቀው በዚህ በሽታ ፌኒልአላኒን በደም ውስጥ ይከማችና የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል፤ ታይሮሲን ደግሞ ያንሳል። ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጦች ላይ ‘ፌኒልአላኒን አለበት’ ተብሎ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ለእነዚህ ሰዎች ነው። ታይሮሲን ያለ ክርክር እንደ መድኃኒት የሚታዘዘው ለእነርሱ ነው፤ የሚመገቡት ልዩ የሕክምና ምግብ ታይሮሲን ይጨመርበታል።

ሌሎቻችንስ ስንት ያስፈልገናል? የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ስሌት አንድ ጎልማሳ ከፌኒልአላኒንና ከታይሮሲን በድምሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 25 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,750 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በየመን ዓይነት ምድጃ ተሰንጥቆ የሚጋገረውን ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ምሳው ያደረገ ሰው፣ 200 ግራም ሥጋ ቢበላ፣ ከዓሣው ብቻ ከአንድ ግራም በላይ ታይሮሲንና ቢያንስ ያንኑ የሚያህል ፌኒልአላኒን አግኝቷል። በአንድ ምሳ የቀኑን ፍላጎት ሞላ ማለት ነው።

ከታይሮሲን እስከ ዶፓሚን

ወደ ደም የገባው ታይሮሲን አብዛኛው ለሰውነት ፕሮቲን መሥሪያ ይውላል። ጥቂቱ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ዝናውን ያገኘውም በዚህ በጥቂቱ ነው። በቆዳና በፀጉር ውስጥ ሜላኒን የሚባለው ቀለም ከእርሱ ይሠራል፤ ይህን የሚሠራው ኢንዛይም የጎደላቸው ሰዎች አልቢኖ ሆነው ይወለዳሉ። በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ከአዮዲን ጋር ተጣምሮ የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም የሚመራውን ሆርሞን ይሰጣል። በነርቭ ሴሎችና ከኩላሊት በላይ ባሉት ትንንሽ ዕጢዎች ውስጥ ደግሞ በቅደም ተከተል ኤል-ዶፓ፣ ከዚያ ዶፓሚን፣ ከዚያ ኖርአድሬናሊን፣ በመጨረሻም አድሬናሊን ይሆናል። መነሣሣት፣ ፍላጎት፣ ንቃት፣ አደጋ ሲመጣ የልብ መምታት፣ ሁሉም ከዚህ ሰንሰለት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሻጩ የሚነግርዎ እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው፤ የተናገረውም ትክክል ነው። የማይነግርዎ የሚቀጥለውን ነው።

አንደኛ፣ ታይሮሲን ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው በልዩ ማጓጓዣ ነው፤ በዚያው ማጓጓዣ ደግሞ ሉሲን፣ ቫሊን፣ አይሶሉሲን፣ ትሪፕቶፋንና ፌኒልአላኒንም ያልፋሉ። ሥጋ ወይም ዓሣ በልቶ እንክብል የዋጠ ሰው ታይሮሲኑ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይሻማል። ጂም የሚሠሩ ወጣቶች የሚጠጡት፣ በሉሲንና በቫሊን የተሞላው ዱቄት ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰድ ነው፤ ታይሮሲንን ለአእምሮ ብሎ ከእርሱ ጋር አብሮ መውሰድ ግን አንዱን በሌላው ማስተጓጎል ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር አንጎል ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ታይሮሲንን ወደ ኤል-ዶፓ የሚለውጠው ኢንዛይም ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ናጋትሱ፣ ሌቪትና ዩደንፍሬንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሥራውን ገለጹ። የሰንሰለቱ ሁሉ ፍጥነት የሚወሰነው በእርሱ ነው። በሰፈር ወፍጮ ቤት በር ላይ አሥር ጆንያ እህል ቢከመር ድንጋዩ በሚፈጭበት መጠን ብቻ እንደሚፈጭ፣ ይህም ኢንዛይም በተራ ቀን የሚያስፈልገውን ታይሮሲን ከሞላ ጎደል ስላገኘ ተጨማሪው ብዙ አያፈጥነውም። ከዚያም በላይ ዶፓሚኑ ሲበዛ እርሱ ራሱ ተመልሶ ኢንዛይሙን ይገታዋል። ሰውነት ይህን ያደረገው በምክንያት ነው፤ ዓሣ በበላን ቁጥር ልባችን በአድሬናሊን ቢደልቅ ኖሮ መኖር ባልተቻለ ነበር።

ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ የሚሰጠው ሕክምና ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሽተኞቹ ዶፓሚን የሚሠሩት የአንጎል ሴሎቻቸው አልቀዋል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ዶፓሚን ያገኘው ነገር በ2000 ኖቤል አስገኝቶለታል። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ ለበሽተኞች ኤል-ዶፓን በከፍተኛ መጠን ሰጥቶ እጅና እግራቸው ሲፈታ አሳየ። ታይሮሲን ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ሐኪሞች ኤል-ዶፓን የመረጡት የዘገየውን ኢንዛይም ለመዝለል ነው። ታይሮሲኑ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ እነዚያ በሽተኞች በዓሣና በዓይብ በዳኑ ነበር።

ኢንዛይሙ ብቻውን አይሠራም። ብረት ያስፈልገዋል። ቀጣዩ ደረጃ ቫይታሚን ቢ 6ን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቫይታሚን ሲንና መዳብን ይፈልጋል። ደሙ ብረት ያነሰው ሰው ታይሮሲን ቢጨምር የጎደለውን ትቶ የሞላውን መጨመር ነው። ከምግብ ጋር ደጋግሞ በሚጠጣ ሻይና በራሱ በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይመጥጥ ይይዘዋል፤ ይህን ብዙ ቃሚ አያውቀውም።

ቅጠሉ ምን ያደርጋል

አሁን ወደ መብረዙ እንመለስ። የጫት ተክል በሳይንሳዊ ስሙ የተመዘገበው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል በየመን ካደረገው ጉዞ በኋላ፣ እርሱ ከሞተ 12 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1775 በታተመ መጽሐፉ ነው። ለረጅም ጊዜ ኃይሉ ካቲን በተባለው ንጥረ ነገር ነው ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ውስጥ ካቲኖንን አገኘ፤ የምርቃናው ዋና ምንጭ እርሱ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ እስከ ጅቡቲ ያለው ጥድፊያ፣ የእርጥብ ጨርቁ ሽፋን፣ የሰባት ሰዓቱ ጥበቃ፣ ሁሉም ከዚህ ኬሚስትሪ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የጫት ተክል ካቲኖንን የሚሠራው ከፌኒልአላኒን ነው፤ ጉበታችን ታይሮሲንን ከሚሠራበት ከዚያው አሚኖ አሲድ። አንድ ዛፍ በሐረርጌ ተራራ ላይ፣ አንድ ሰው በጅቡቲ ከአንድ ጥሬ ዕቃ ተነሥተው በቅርጽ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን ይሠራሉ። ካቲኖን ከዶፓሚን ጋር ስለሚመሳሰል የነርቭ ሴሉን ማጓጓዣ አታልሎ ይገባል። በጄኔቫ የሠራው ፒተር ካሊክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ካቲኖን በነርቭ ጫፍ የተከማቸውን ዶፓሚን ልክ እንደ አምፌታሚን ገፍቶ እንደሚያስወጣ አሳይቷል።

ስለዚህ ቅጠሉ በሰውነት ላይ የሚጨምረው ኃይል የለም። የሚያደርገው አስቀድሞ ከታይሮሲን ተሠርቶ የተቀመጠውን በአንድ ከሰዓት ማስወጣት ነው። ወሬው ይደምቃል፣ ዕቅዱ ይሰፋል፣ ረሃቡ ይጠፋል። ማታ ላይ ዝምታ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ በማግስቱ ድብርትና ሐራራ ይከተላል፤ ለረጅም ጊዜ ቅሞ በድንገት ያቆመውንም ዱካክ ያስጨንቀዋል።

ታይሮሲን ሻጩ እዚህ ክፍተት ውስጥ ይገባል፤ ‘ያለቀብህን ዶፓሚን በእንክብል ተካ’ ይላል። አመክንዮው ያማረ ነው። ነገር ግን የማግስቱ ድብርት ከጥሬ ዕቃ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። ያልተተኛ አንጎል አለ፤ በዶፓሚን ጎርፍ ምክንያት ስሜታቸውን የቀነሱ የነርቭ ተቀባዮች አሉ፤ ውሃ የጎደለው ሰውነትና ያልተበላ እራት አለ። ተመሳሳዩ ሐሳብ እንደ ካቲኖን ሁሉ ዶፓሚንን በሚያናውጠው በኮኬይን ሱስ ላይ ተሞክሯል፤ ታይሮሲን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። ምርቃናው ያስከፈለው ሌሊት በእንክብል አይመለስም።

ወታደሮቹ ላይ የታየው

ታይሮሲን እንክብል ምንም አይሠራም ማለት ግን ስሕተት ነው። ጠባብ፣ ግን እውነተኛ ቦታ አለው። የነርቭ ሴሎች በከባድ ጫና ሥር ያለ ዕረፍት ሲተኩሱ ኢንዛይሙ ከወትሮው በላይ ይነቃቃል፤ በዚያን ጊዜ ጥሬ ዕቃው ሊያንሰው ይችላል። ይህን የመረመሩት በአብዛኛው የጦር ሠራዊት ላቦራቶሪዎች ናቸው።

በአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ባንደሬትና ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሙከራ ወጣት ወንዶች በ15 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታን በሚመስል ስስ አየር ውስጥ ለሰዓታት ተቀመጡ። ታይሮሲን የወሰዱት ከራስ ምታቱ፣ ከብርዱና ከመፍዘዙ የተወሰነ እፎይታ አገኙ፤ የአእምሮ ሥራቸውም ያን ያህል አልወደቀም። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ነውና ስሜን ተራሮችን ለሚወጣ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1995 የታተመ ሌላ ጥናት ከ24 ሰዓት በላይ ባልተኙ ሰዎች ላይ ተደርጎ የትኩረት መዛሉን ለሦስት ሰዓት ያህል ሲቀንስ ታየ። በ1999 በሆላንድ በከባድ የውጊያ ሥልጠና ላይ ከነበሩ 21 ዕጩ መኮንኖች ለከፊሎቹ በቀን ሁለት ግራም ታይሮሲን ያለበት መጠጥ ሲሰጣቸው፣ በማስታወስ ፈተና ካልወሰዱት የተሻለ ውጤት አገኙ።

መጠኑን ልብ ይበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች የተሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሹፌር ከሰባት እስከ አሥር ግራም ተኩል፣ ማለትም ከ14 እስከ 21 እንክብል ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ‘በቀን አንድ ወይም ሁለት’ የሚል ተጽፎ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን የወታደሮቹ ውጤት ይጠቀሳል። ይህን አሳሳች ነው ብዬ ነው የማምነው። ያ ሁሉ ሆኖ የተገኘው ጥቅም በአብዛኛው በተቀመጡበት የተሠራ የትኩረትና የማስታወስ ፈተና ላይ ጥቂት ነጥብ ነው። ከዲኪል ወደ ጋላፊ በሌሊት 40 ቶን ለሚነዳ ሰው ደህና ያደርገዋል የሚል ማረጋገጫ ከዚህ አይወጣም። የተኛ ሰው ንቃት ከሦስት ሰዓት የላቦራቶሪ እፎይታ ጋር አይወዳደርም።

ለጅቡቲ የሚቀርበው የሙቀቱ ጥናት ነው። ሐምሌ ላይ ከተማው ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ከባሕር የሚመጣው ወበቅ ደግሞ ላቡ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በሙቀት ውስጥ የሚደክመው ጡንቻ ብቻ አለመሆኑና አንጎልም ‘በቃኝ’ ማለቱ ስለታወቀ ዶፓሚንን መደገፍ ይረዳ እንደሆነ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስምንት ወንዶች በ30 ዲግሪ ሙቀት ብስክሌት እየጋለቡ እስኪዝሉ ድረስ ተመዘኑ፤ ታይሮሲን በወሰዱበት ቀን በአማካይ 15 በመቶ ረዘም ላለ ጊዜ ጋለቡ። ዜናው በፍጥነት ተሰራጨ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ምንም ልዩነት አላገኘም። የመጀመሪያው ቡድን ራሱም በኋላ በሌላ የግልቢያ ፈተና ሲሞክረው ጥቅሙ አልታየም። ስምንት ሰው ላይ የታየ ነገር ሲደገም ከጠፋ ሊታመን አይገባም። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በማራቶን ያመጣላትን ሁሴን አህመድ ሳላህን ያፈራች አገር ናትና ለሯጮቿም ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ታይሮሲን በስፖርት የተከለከለ አይደለም። የጫቱ ካቲኖን ግን በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ድርጅት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ካቲንም በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በውድድር ጊዜ ያስቀጣል።

ሌሎቹን ተስፋዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ለድብርት ሕመም ይሆናል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 በ65 ታማሚዎች ላይ ለአራት ሳምንት የተደረገው ሙከራ ከባዶ ክኒን የተለየ ውጤት አልሰጠም። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ መጠኑ ሲጨምር የማስታወስ ውጤታቸው እንዲያውም ወርዷል። የወጣት ወታደር ውጤት ለአዛውንት አባት አይሠራም። ኤን-አሴቲል ታይሮሲን የሚባለው ‘የተሻሻለ’ ዓይነት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ነገር ግን ብዙው ሳይለወጥ በሽንት ስለሚወጣ የደም ታይሮሲንን የሚጨምረው ከተራው ባነሰ ነው። በውድ ዋጋ መሸጡ ያሳዝናል።

የእንቅርቱን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ የእኛ ነውና። ‘ታይሮይድን ይደግፋል’ የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጠርሙሶች ላይ አለ። የታይሮይድ ሆርሞን ከታይሮሲን መሠራቱ እውነት ነው። በኢትዮጵያ እናቶቻችንን በእንቅርት ያስቸገራቸው ግን የታይሮሲን እጥረት አልነበረም፤ የአዮዲን እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ አገሩ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ አዮዲኑም ቀረ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአንድ ጆንያ ጨው ላይ የሚጨመር ጥቂት አዮዲን የሠራውን ሥራ የትኛውም የታይሮሲን ጠርሙስ አይሠራውም።

ማን ይወስዳል፣ ማን አይወስድም

ጤነኛ ጎልማሳ ለአጭር ጊዜ የሚወስደው ታይሮሲን ከባድ ጉዳት እንዳለው አልታየም። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ቃር ሊያስከትል ይችላል። ለአንድ የተለየ አስጨናቂ ቀን መሞከር የፈለገ ሰው ከፕሮቲን ምግብ ለይቶ፣ ከሥራው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ቢወስደው የደሙ ታይሮሲን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። በየቀኑ ለዓመት መዋጡን የሚደግፍ ምክንያት አላየሁም።

ፈጽሞ ያለ ሐኪም መውሰድ የሌለባቸው ግን አሉ። ለድብርት ‘ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ’ የተባለውን ኢንዛይም የሚገቱ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው፣ ከታይሮሲን የሚሠራው ታይራሚን ከሰውነቱ ሳይወገድ ቀርቶ የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል፤ ለዚህ ሰው ጫትም እንዲሁ አደጋ ነው። የታይሮይድ ሆርሞናቸው የበዛባቸው ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለፓርኪንሰን ኤል-ዶፓ የሚውጡ (ታይሮሲኑ መድኃኒቱን በመንገድ ላይ ይሻማዋል)፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ውስጥ ናቸው።

የደም ግፊት ያለበት ቃሚን በተመለከተ የበለጠ የሚያስፈራኝ ቅጠሉ ነው። በየመን ሐኪሞች ያደረጓቸው ጥናቶች የልብ ደም ሥር ድንገተኛ መዘጋትን ከጫት ጋር አያይዘውታል። በሌላው ዓለም ይህ አደጋ በጠዋት ሰዓታት ይበዛል፤ በየመን ቃሚዎች ላይ ግን ከሰዓት በኋላና በምሽት፣ በመቃሚያው ሰዓት፣ ሲበዛ ታይቷል። የመኖችም ጅቡቲዎችም ያንኑ ቅጠል በዚያው ሰዓት ነው የሚቅሙት። ደረቱን የጨነቀው፣ ግራ እጁን የደነዘዘው ቃሚ ‘ምርቃናው ነው’ ብሎ አይጠብቅ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጫት ረሃብን ስለሚያጠፋ ቃሚው ታይሮሲኑን የሚያጣው በዚህ በኩል ነው፤ እራቱን ሳይበላ፣ ውሃ በጣፋጭ ሻይና በለስላሳ ተክቶ፣ ሳይተኛ ይነጋበታል። የጠርሙሱ ዋጋ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስርና ዓሣ ቢገዛበት ታይሮሲኑም ብረቱም ቢ 6ም አብረው ይመጣሉ።

ስለዚህ ፒኬ 12 ላይ ወረፋ ለሚጠብቁ ወንድሞቼ የምለው ይህ ነው። እንቅልፍ ለማሸነፍ ታይሮሲን አይግዙ። ወረፋው የሚወስደውን ሰዓት በመቃሚያ ሳይሆን በእንቅልፍ ያሳልፉት፤ ከመነሣትዎ በፊት ይብሉ፣ ውሃ ይያዙ፤ ዓይንዎ ከከበደ ዲኪል ላይም ሆነ ጋላፊ ላይ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው ይተኙ። የመኪና ባለቤቶችም ዕቃው በስንት ሰዓት ይድረስ ብለው ሲደውሉ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደተኛ አስቀድመው ይጠይቁ።